በሃያ በመቶ ጀምር

ልብስ ሰፊዋ የታመመች እህቷን አስታማ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስትመለስ ባሏ በር ላይ ጠበቃት። ሻንጣዋን እንኳ ሳይቀበላት እጇን ይዞ ወደ ሳሎን ጎተታት።

«ነይ፣ ነይ እዪው! እንዴት እንዳጸዳሁልሽ!»

ሰፈሩ ቦግዬ ይለዋል። ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት መብራት ሲዘረጋ ኖሯል፤ እሱ በሠራው ኩሽና መርፌ ወድቆ አይጠፋም። ደብዘዝ ያለ ነገር ሲያይ ያመዋል። እሷ ደግሞ ሳሎን ጥግ ባለው የመስታወት ገንዳ፣ ጨዋማ ውሃ ውስጥ፣ ስድስት ዓመት ኮራል አሳድጋለች። ለማያውቀው ድንጋይ ነው። ለእሷ ግን የሚበላ፣ የሚያኮርፍ፣ ነፍስ ያለው ፍጥረት ነው። ትልቁን ስትገዛው አውራ ጣቷን አያክልም ነበር፤ ስትሄድ ሁለት እጅ ይሞላ ነበር።

የገንዳው የድሮ መብራት የተቃጠለው ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት ነው። አዲስ ገዝታ ስትሰናበተው ደጋግማ ነግራዋለች።

«በሃያ በመቶ ጀምር። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ትጨምራለህ። ይሄ ከድሮው ይበረታል፣ ያቃጥላቸዋል።»

«ለቀባሪው ታረጂዋለሽ?» ብሎ ሳቀባት።

አሁን ገንዳው ፊት ቆማለች። ብርሃኑ ዓይን ይወጋል። ቡናማና አረንጓዴ የነበረው ሁሉ እንደ አጥንት ነጥቷል።

«አየሽ? ያ ሁሉ ቆሻሻ ለቀቀ!» አለ ቦግዬ፣ ምስጋና እየጠበቀ።

ደሟ ፈላ። ስድስት ዓመት ጨው መዝና፣ ውሃ ለክታ ያሳደገችውን ቆሻሻ አለው!

«በስንት ነው ያበራኸው?»

«በመቶ ነዋ! መብራት ገዝቶ በሃያ የሚያበራ ማን አለ?»

«ከመጀመሪያው ቀን?»

«ከጧት እስከ ማታ። እንዳይርባቸው ብዬ።»

«ምግባቸው እኮ እዚያ ቆሻሻ ባልከው ቀለም ውስጥ ነው ያለው! አንተ ነህ ያስራብካቸው!»

ንዴቱ የገንዳው ብቻ አልነበረም። ጣሪያው ያፈሳል ስትለው፣ ለቀባሪው። ልብስ ማጠቢያው ድምፁ ተለውጧል ስትለው፣ ለቀባሪው። ጣሪያው ወርዷል፣ ማጠቢያው ተጥሏል፤ እሱ ግን ዛሬም ቀባሪ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አፏን ይዛ መኖሯ አንገበገባት።

«ሞቱ ማለት ነው?» አለ፤ ድምፁ ወረደ።

«አላውቅም። ዛሬ ካልሞቱ፣ ብርሃኑ ከቀነሰ፣ ምናልባት ይተርፉ ይሆናል።»

ኮቷን ሳታወልቅ ሶኬቱን ነቀለች። ከዕቃ ሳጥኑ ካቻቢቴ አወጣች፤ በርጩማ ስባ ወጣችና መብራቱን ከውሃው እንዲርቅ ከፍ አድርጋ ልትሰቅል ብሎኑን መፍታት ጀመረች። በዚህ ቤት አምፖል እንኳ ቀይራ አታውቅም።

«ተይ፣ ውረጂ! የኔ ሥራ ነው እኮ!» አለ እጁን ዘርግቶ።

ካቻቢቴውን አልሰጠችውም።

«ያንተ ሥራ» አለችው ዞራ ሳታየው፣ «የነገርኩህን መስማት ነበር።»