ድምፄ ቀድሞኝ የደረሰበት መንደር

ማክሰኞ ማለዳ፣ ደሴ

ከደሴ የተነሣሁት ለአሥራ አንድ ሴቶች ብዬ ነው። ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ በምትገኝ ጨፌ አምባ በምትባል ቀበሌ ይኖራሉ፤ ከእርሻቸውና ከልጆቻቸው ሳይለዩ የአጸደ ሕፃናት መምህርነት በርቀት ይማራሉ። ሒሳብ የማስተምራቸው እኔ ነኝ። ባለፈው ፈተና አንዳቸውም አላለፉም። የኮሌጃችን ኃላፊዎችም ቁርጡን ተናገሩ፤ በድጋሚ ፈተናው ከአሥራ አንዱ ስድስት ካላለፉ የጨፌ አምባ ማዕከል ይዘጋል፤ መማር የፈለገች ደሴ ትምጣ። ጡት የምታጠባን ሴት ደሴ ነይ ማለት ቅሪ ማለት ነው። ድጋሚ ፈተናው ቅዳሜ መካነ ሰላም ላይ ነው። እኔ ያለኝ አራት ቀን ብቻ ነበር።

ነገሩ ከእንቅልፌ የሚያባንነኝ በሌላም ምክንያት ነበር። ትምህርቱ በድምፅ ይሁን ብዬ በስብሰባ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። የሬዲዮው ትምህርት ላም በሚታለብበት ሰዓት ይመጣና ማንንም ሳይጠብቅ ያልፋል። ቪዲዮው መልካም ነው፤ ግን ኔትወርክ ይፈልጋል፤ ኔትወርኩ ደግሞ ሲሻው ይመጣል፣ ሲሻው ይሄዳል። ሞጁሉ ከቤት አይጠፋም፤ ነገር ግን ያልገባሽን ብትጠይቂው አይመልስልሽም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ አሥራ ሁለት ትምህርት በራሴ ድምፅ ቀዳሁና በሜሞሪ ካርድ ላክሁላቸው። ድምፄ ደረሰ። ውጤቱ ግን የምታውቁት ሆነ።

ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ ፈትሼ ነው የወጣሁት። ትርፍ ሜሞሪ ካርዶቹን በፕላስቲክ ጠቅልዬ በመድኃኒት ዕቃ ከተትኳቸው፤ ክዳኑን በክር አሰርኩት። ውዳሴ ማርያሜን ከላይ አደረግኩ። ሚኒባሱ እስከ መካነ ሰላም አምስት መቶ ብር አስከፈለን።

መንገድ ላይ

ጉጉፍቱ ስንደርስ ጉሙ ከመስኮቱ ጋር ተጣበቀ። ብርዱ ጋቢ ሰንጥቆ የሚገባ ነው። ጊዜው ይሂድልኝ ብዬ እናቴ የላከችልኝን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ከፈትኩ። እናቴ ያለችው ቦንጋ ነው። እኔ ለሥራ ወደ ወሎ ከመጣሁ ስምንት ዓመቴ። ጽሕፈት ስለማትችል ድምፅ ትልካለች፤ አንዳንዱ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይሞላል። ስትመርቀኝ አሜን እላለሁ፤ ስትቆጣኝ አንገቴን እደፋለሁ።

«እትዬ፣ ከማን ጋር ነው አሜን አሜን የሚሉት?» አለኝ ሹፌሩ በመስታወቱ እያየኝ።

«ከእናቴ ጋር።»

«ደውለው ነው?»

«የላከችልኝ ድምፅ ነው።»

«ታዲያ አሜንዎን ይሰሙታል?»

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። እናቴ መጨረሻ ላይ፣ «ባለፈው የጠየቅሁሽን ደግሞ አልመለስሽልኝም፤ አንቺ ልጅ አትሰሚኝም እንዴ?» ብላ ዘጋች። ምን እንደጠየቀችኝ ትዝ አላለኝም። እግዜር ይቅር ይበለኝ ብዬ ስልኩን ከቦርሳዬ ከተትኩ።

አቀስታ ላይ ለምሳ ወረድን። ትኩስ ቅቅል ድንች በአዋዜ ስልሳ ብር፣ ሻይ አሥራ አምስት ብር። ከምግብ ቤቱ ጀርባ የገብሱ ማሳ እስከ ዓይን ጥግ ተዘርግቷል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ይጠመዘዛል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል። አሥር ሰዓት ገደማ መካነ ሰላም ገባን።

የማዕከሉ አስተባባሪ ይማም ቢሮው ደጃፍ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ጸጉሩ የሸበተ፣ ነገር የማያንዛዛ ሰው ነው።

«ሰነፎች ናቸው ብለሽ እንዳትመጪ» አለኝ ገና ሳልቀመጥ። «ወላሂ፣ እኔ ራሴ ሄጄ አይቻቸዋለሁ። ድምፅሽ ሲከፈት አንድ ሰው አያስልም። እንደዚያ የሚያዳምጥ ተማሪ በዕድሜዬ አላየሁም።»

«ታዲያ ለምን ወደቁ?»

«እሱን ሂጂና አንቺ ንገሪኝ።»

ረቡዕ፣ ጨፌ አምባ

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ በባጃጅ እስከ መንገዱ መጨረሻ ሄድኩ፤ መቶ ብር። እዚያ ወይዘሮ ዘነቡ በቅሎ ይዘው ጠበቁኝ። ከተማሪዎቹ በዕድሜ ትልቋ እሳቸው ናቸው፤ አርባዎቹን አጋምሰዋል። ከባጃጁ ወርጄ «እንደምን አደሩ» ስል ክው ብለው አዩኝ።

«ድምፁስ የእርስዎ ነው» አሉ። «ሰውነትዎ ግን የት ሄደ? እኛ እኮ እንደ ግንድ የገዘፉ ሴትዮ ነበር ያሰብነው!»

በቅሎዋ ላይ እንድወጣ ለመኑኝ፤ አብሬያቸው በእግሬ ልሂድ ብዬ እንቢ አልኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ዳገቱ አሸነፈኝና ወጣሁ። ቀኑ ረቡዕ ስለሆነ የያዝኩትን ቆሎ እየቆረጠምን ተጨዋወትን። «መምህርት፣ ማዕከሉ ከተዘጋ እኔስ ልጆቼን አሳድጌያለሁ፤ ቤቴ እቀመጣለሁ» አሉኝ። «የሚያሳዝኑኝ እነዚህ ትናንሾቹ ናቸው። ደሴ ሂጂ ቢሏት ማን ባል ይለቃታል?»

ሴቶቹ በአጸደ ሕፃናቱ ክፍል ተሰብስበው ነበር፤ ክርስቲያኗም እስላሟም። «ምንም አልናገርም፤ እኔ እንደሌለሁ ሆናችሁ እንደወትሮው አጥኑ» አልኳቸውና ከኋላ ትንሽ የሕፃን ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ሰዓዳ የምትባለው ወጣት ስልኩን ድምፁ እንዲጎላ ጎድጓዳ የብረት ሳህን ውስጥ አስቀመጠችው። ከፈተችው። የእኔ ድምፅ ከሳህኑ ውስጥ ወጣ፤ «እንደምን ዋላችሁ፣ ተማሪዎቼ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን!» «አልሐምዱሊላህ!» አሉ ለሳህኑ። ከዚያ በኋላ ፀጥ። ነጠላና ሻርፓቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን ሰብስበው፣ ዝም። ሞጁሉ ጭናቸው ላይ ተዘግቶ ተቀምጧል። ድምፄ «ሥዕል ሁለትን ተመልከቱ» አለ፤ ማንም ገጽ አልገለጠም። «አሁን ቆም አድርጋችሁ ጥያቄ ሦስትን ሥሩ» አለ። ማንም አላቆመም። ሦስት ሰከንድ ያህል ዝም ካልኩ በኋላ ራሴው መልሱን ተናግሬ ቀጠልኩ፤ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ያለ ትንፋሽ። አርባ አምስት ደቂቃ ሙሉ ለፈለፍኩ። ሲያልቅ ሁሉም «እግዜር ይስጥልን፣ መምህርት» ብለው ለስልኩ እጅ ነሡ።

ራሴን በራሴ መስማት እንዲህ ከባድ ነው አላልኩም ነበር።

«ጥያቄ ሦስት መልሱ ስንት ነበር?» አልኩ።

እርስ በርስ ተያዩ።

«ቆም አድርጉ ስል ለምን አላቆማችሁም? ሰዓዳ፣ ማቆም አትችይም እንዴ?»

«ኧረ ዘፈን ሲሆን መቶ ጊዜ ነው የማቆመው!» አለች። ሌሎቹ ሳቁ። «የእርስዎ ግን... እየተናገሩ እኮ ነው። እንዴት አፍዎን እይዛለሁ?»

«ሞጁሉንስ ለምን አትገልጡም?»

ወይዘሮ ዘነቡ መለሱልኝ። «መምህርት፣ ሰው ሲያናግረን ወረቀት እናገላብጥ? ነውር አይደለም?»

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ ግራ ገባኝ። ሬዲዮ አይቆምም ብዬ ነው ድምፁን የቀዳሁላቸው። የድምፁ ትልቁ ጥቅም መቆሙ ነበር፤ እነሱ ግን በትሕትናቸው መልሰው ሬዲዮ አደረጉት። እኔም አላገዝኳቸውም። ክፍል ውስጥ ብሆን ፊታቸውን አይቼ እዘገይ ነበር። ሜሞሪ ካርድ ፊት አያይም። እኔ ደግሞ ጊዜው እንዳይባክን እየተጠነቀቅሁ ከሦስት ሰከንድ የበለጠ ክፍተት አልተውኩም።

«እኔ ፈቅጃለሁ፤ አቁሙኝ» አልኳቸው። ስልኩ እንደገና ተከፈተ። ሰዓዳ ጣቷን ዘረጋች፣ ዘረጋችና መለሰችው። «ወላሂ አልቻልኩም!»

ያኔ ወይዘሮ ዘነቡ ትንሽ አሰቡና ጠየቁ፤ «በቅሬ ላይ ወሬ ያረዘመን ሰው ማን ነው የሚያቆመው?» ቅሬ የወሎ መንደር በለቅሶና በችግር የሚረዳዳበት ማኅበር ነው፤ እስላም ክርስቲያኑ አብሮ ይገባበታል።

«ዳኛው ነዋ!»

«ሽማግሌም ቢሆን ያቆማል?»

«ቄስም ሼህም ቢሆን ያቆማል!»

«ይቀየሙታል?»

«ሥራው ነው፤ ምን ይቀየሙታል?»

«እንግዲያ ዳኛ እንምረጥ» አሉ። ሴቶቹም ሳይውሉ ሳያድሩ እሳቸውን መረጡ። ድምፄ ከመጀመሪያው ተከፈተ። «አሁን ቆም አድርጋችሁ...» ሲል ወይዘሮ ዘነቡ ወደ ሳህኑ ጎንበስ ብለው «አፉ በሉኝ፣ መምህርት» አሉ፤ ወሎ ይቅርታ የሚጠይቀው እንዲህ ነው። ከዚያ የስልኩን ማቆሚያ ተጫኑ። ቆምኩ። አሥራ አንድ ሞጁል በአንድ ጊዜ ተገለጠ።

ሐሙስና ዓርብ

ሞጁሉ ሲገለጥ ሌላ ጉድ ወጣ። ገጽ ሠላሳ አራት ላይ አራት ቦታ የተከፈለ ክብ አለ፤ ሦስቱ ክፍል ጠቁሮ አንዱ ነጭ መሆን ነበረበት። ፎቶ ኮፒው ግን ሁሉንም አጥቁሮታል። ድምፄ «ሦስት አራተኛውን እዩት» ይላል፤ ወረቀቱ ሙሉ ጥቁር እንጀራ ያሳያል! ድምፅ ሥዕል መሣል አይችልም፤ ወረቀቱም ስህተቱን ራሱ አይነግርሽም። ክቡን በከሰል ግድግዳው ላይ ሣልኩላቸው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደህና ኮፒ እንዲያዘጋጅ ለይማም ለመደወል ከሰዓዳ ጋር ጉብታው ላይ ወጣን። ኔትወርክ ያለው አንዲት ጥድ ሥር ብቻ ነው። ከዚያ ላይ የዓባይ ሸለቆ ወደ ምዕራብ ይታያል፤ ገደሉ ሰማያዊ ሆኖ ከሰማዩ ጋር ይቀላቀላል። አማተብኩ።

«እዚህ ነው ቪዲዮ የማየው» አለችኝ ሰዓዳ። «አንዱ እስኪከፈት ምልክቱ ግማሽ ቀን ይዞራል። እሱ ሲዞር እኔም እዞራለሁ፣ በጎቼም ይዞራሉ።»

«ገብቶሻል ግን?»

«ሳየው ይገባኛል። ቤት ስደርስ ይወጣል።»

እነዚያን ሁለት ቀናት አልረሳቸውም። ድምፄ ይናገራል፣ ዳኛዋ «አፉ በሉኝ» ይላሉ፣ ሞጁሉ ይገለጣል፣ ክርክሩ ይጀመራል። አንድ ቁና ገብስ ለአራት ሰው ስንት ስንት ይደርሳል በሚለው ላይ ሊጣሉ ደረሱ፤ አንዷ ሮጣ ቁናውንም ገብሱንም አመጣችው። እኔ እዚያው ተቀምጬ ሳለሁ ለእኔ ሳይሆን ለስልኩ «አፉ በሉኝ» ማለታቸው ነው የገረመኝ። «እዚህ አለሁ እኮ!» ስላቸው ወይዘሮ ዘነቡ፣ «እርስዎ እሑድ ይሄዳሉ፤ የምትቀረን እሷ ናት» አሉኝ።

ቅዳሜ፣ መካነ ሰላም

በአይሱዙ ተጭነን ጠዋት ሁለት ሰዓት ደረስን። የፈተናው ክፍል ውስጥ ስልክ አይገባም። በመስኮት አያቸዋለሁ። ወይዘሮ ዘነቡ ጥያቄውን ያነቡና ዓይናቸውን ጨፍነው የሆነ ነገር ያንሾካሽካሉ፤ ከዚያ ይጽፋሉ። ፈታኙ ጠጋ አላቸው።

«እማማ፣ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?»

«ከመምህርቷ ጋር ነው፤ አስቁሜያታለሁ።»

እርማቱ ላይ እኔ አልገባሁም። ይማምና ሌላ መምህር ቢሮ ዘግተው ሲያርሙ እኔ ግቢው ውስጥ ውዳሴ ማርያሜን ገልጬ ቆምኩ፤ አንድ ገጽ ደጋግሜ አነበብኩ። ስምንት ሰዓት ላይ ይማም ወረቀት ይዞ ወጣ። ሴቶቹ ተነሡ።

«ዘነቡ፣ ሰማንያ አንድ» አለ። ከዚያ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። እጄን በአፌ ላይ ጫንኩ። አራተኛ። አምስተኛ። ይማም መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

«ጋሼ ይማም፣ መነጽርዎ ጠራ እኮ፣ ይንገሩን!» አለች ሰዓዳ።

ስድስተኛው ስም ተጠራ። እልልታው ግቢውን አናጋው። ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈው።

ሁላችንም ወደ ሰዓዳ ዞርን። ማለፊያው ሃምሳ ነው።

«አርባ ስምንት» አለ ይማም ቀስ ብሎ።

ሰዓዳ ወደ ይማም ጠጋ አለች። «ማዕከሉ ተዘጋ?»

«አልተዘጋም።»

«እንግዲያ ምን ታዩኛላችሁ? የሚቀጥለውን እዚሁ ደጄ ላይ እፈተናለሁ! ሁለቷን ነጥብ ለእናንተ ብዬ ነው የተውኳት፣ እንዳትኮሩብኝ» አለችና ከሁሉም ቀድማ እልልታውን እንደገና አቀለጠችው። ወይዘሮ ዘነቡ አቀፏት። «አብሽሪ፣ ሰዓዳዬ። ዳኛሽ አለሁልሽ።»

እሑድ፣ ወደ ቤት

ቅዳሴ አስቀድሼ ስወጣ ያው ሹፌር ገጠመኝ። «እትዬ፣ እናትዎ አሜንዎን ሰሙት?» አለኝ። «ገና ነው» አልኩት። ሻንጣዬ ላይ ሴቶቹ ያስያዙኝ የገብስ በሶ ነበር፤ እስከ ደሴ ድረስ በጭኔ ይዤው መጣሁ።

ማታ ከተከራየኋት ክፍሌ ገብቼ ስልኬን ስከፍት የእናቴ ድምፅ ጠበቀኝ፤ ዘጠኝ ደቂቃ። እንደወትሮው ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ፣ «የአክስትሽ ልጅ ሰርግ ትመጫለሽ ወይ?» አለችና ሳትጠብቀኝ ወደ ሌላ ወሬ ተሻገረች። ለካ ስምንት ዓመት ሙሉ እኔም እስከ መጨረሻው በጨዋ ደንብ አዳምጬ የጠየቀችኝን ሁሉ ስረሳ ኖሬያለሁ። «አፉ በዪኝ፣ እማዬ» አልኩና አቆምኳት። «እመጣለሁ» ብዬ ድምፄን ላክሁላት። ከዚያ ቀጠልኳት፤ አምስት ቦታ አቆምኳት፤ አምስቱንም መለስኩላት።

ሰኞ ጠዋት ኮሌጅ ገብቼ የአሥራ ሁለቱን ትምህርቶች ድምፅ እንደገና መቅዳት ጀመርኩ። ሞጁሉን ጎኔ አድርጌ፣ የገጹን ቁጥር እየጠራሁ፣ እየዘገየሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ጋ ስደርስ በዚያ ብረት ሳህን ዙሪያ የተቀመጡት ፊቶች ታዩኝ።

«እዚህ ላይ አቁሙኝ» አልኳቸው። «አልቀየምም።»