የበረንዳው ብረት እና እግሬ

ጅልነቴን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ዓባይ ማዶ ቤት ስሠራ የመደገፊያ ብረት ያስገጠምሁት ከመሬት ስንዝር ከፍ ባለች በረንዳ ላይ ነው። ከዚያ ላይ ዶሮ ብትወድቅ እንኳ አትሰበርም። ግን መንገደኛ ያየዋል ብዬ የብረት አበባ አስበይጄ ወርቅማ ቀለም አስቀባሁት። ወደ መኝታ ቤት የሚወጣው የውስጥ ደረጃ ባዶውን ቀረ። ባለቤቴ የሺ መደገፊያ ይሠራለት ስትለኝ፣ «እሱን ማን ያየዋል?» አልኋት።

ሕመሙ የጀመረኝ ከእግሬ ጣት ነው። ተቅማጥ ይዞኝ ሰንብቶ ከተሻለኝ በኋላ ጣቶቼ ይደነዝዙ ጀመር። ጫማዬ ጠቦኝ ነው ብዬ ጫማ ለወጥሁ። በማግስቱ የምሠራበት ኮሌጅ ደረጃ ረዘመብኝ። መሐሉ ላይ ስደርስ ጉልበቴ እንቢ አለ። የደረጃውን ብረት ይዤ ቆምሁ።

ማንም አልጠረጠረም። እኔ ድሮም ያንን ብረት ተደግፌ ወጪ ወራጁን በቀልድ የማስቀር ሰው ነኝ። አንዱ ሲመጣ አንድ ነገር ጣል አደርጋለሁ፤ ስቆ ያልፋል። እሱ ዞር ሲል አንድ ደረጃ እወጣለሁ። ያን ቀን የቀለድሁት ለማረፍ ነበር።

ማታ ቤቴ ግድግዳውን እየዳበስሁ ወደ መኝታ ወጣሁ። የሺ ከታች ሆና ሰክረሃል እንዴ አለችኝ። የጣናን ውኃ ጠጥቼ ነው አልኋት። ሳቀች።

ጠዋት ስወርድ የምይዘው አጣሁ። እግሬ አልታዘዘኝም። ወደቅሁ። ግንባሬ ተፈነከተ። እሱስ ቀላሉ ነው። መነሣት አልቻልሁም።

ጎረቤቶቻችን ተሸክመው በባጃጅ ሆስፒታል አደረሱኝ። ሐኪሟ ወጣት ናት። ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታችው፤ ንቅንቅ አላለም። ሌላውንም መታች። እሱም ያው። ከዚያ ሰሞኑን ሆድዎን አሞዎት ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

«ጉሊያን ባሬ ሲንድሮም ይመስላል» አለች። «የሰውነትዎ መከላከያ የራስዎን ነርቭ እያጠቃ ነው። ከታች ወደ ላይ ይወጣል። የት እንደሚቆም አላውቅም። ትንፋሽዎ ላይ ከደረሰ የመተንፈሻ ማሽን እንፈልጋለን።»

ወጣ። ጭኔ። ወገቤ። እጄ። በየጠዋቱ በአንድ ትንፋሽ ይቁጠሩ እባላለሁ። መጀመሪያ ሠላሳን አለፍሁ። ከዚያ ሃያ ላይ ቆምሁ። ከዚያ አሥራ ሁለት። ማሽኑን አልጋዬ አጠገብ አመጡት። ቀልድ እጀምርና መጨረሻው ላይ ትንፋሽ ያጥረኛል። የሺ የአልጋውን የጎን ብረት ጨብጣ መጨረሻውን ትጠብቃለች። እኔ ያንን ብረት መጨበጥ አቃተኝ። እንዳልወድቅ ያቆሙልኝ ነው፤ ለእኔ ግን በቤተ ክርስቲያን ግቢ መቃብር ዙሪያ የሚተከለውን አጥር መሰለኝ።

አንድ ጠዋት እንደገና ያንኑ አሥራ ሁለት ቆጠርሁ። በማግስቱም አሥራ ሁለት።

«ቆሟል» አለች ሐኪሟ።

ማሽኑን ሳልነካው መለሱት። ጥንካሬዬ እንደ ሕመሙ በጥድፊያ ሳይሆን በቀስታ፣ ሲለምኑት እንደሚግደረደር ሽማግሌ እያቅማማ ተመለሰ፤ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን በተተከሉ ሁለት ብረቶች መሐል እንደ ሕፃን ወፌ ቆመች እየተባልሁ ወራት ፈጀሁ፤ በዚያ ጊዜ ሁሉ እጄ የሚያውቀው ያንን ቀዝቃዛ ብረት ብቻ ነበር።

ሐኪሟን፣ ነርሶቹን፣ የተሸከሙኝን ጎረቤቶቼን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናንተ ደግሞ፣ ድንዛዜው ከእግር ተነሥቶ ሽቅብ ሲወጣ ካያችሁ ለነገ አትበሉ። ጠበሉም ጸሎቱም ደግ ነው፤ ሐኪም ዘንድ ግን ዛሬውኑ ሂዱ። ደረጃችሁንም ሰው አየው አላየው መደገፊያ አሠሩለት።

ከሆስፒታል ስመለስ የውስጡ ደረጃ ላይ ወርቅማ አበባ ያለበት ብረት ቆሞ ጠበቀኝ። የሺ በያጅ ጠርታ የበረንዳውን አስነቅላዋለች። እሱን ይዤ እየወጣሁ፣ እንግዲህ መንገደኛው ደኽይተው ብረታቸውን ሸጡ ብሎ ያማናል አልኋት።

አልሳቀችም። ከኋላዬ እየተከተለች እግሬን ታያለች።

«ከእንግዲህ ስትቀልድ እግርህን ሳላይ አልስቅም» አለችኝ።