አንገት ላይ የከረመ ቁልፍ

አርብ፣ ጎህ ሲቀድ፤ ባሕር ዳር

መናኸሪያው ውስጥ ሚኒባሶቹ ሞተራቸውን ያሞቃሉ። ተራ አስከባሪው እጁን በጃኬቱ ኪስ ከትቶ «ዳንግላ፣ ዳንግላ፣ አንድ ሰው የቀረው» ይላል፤ ውስጥ ግን ከሹፌሩ በቀር ማንም የለም። ከሹፌሩ ጀርባ፣ መስኮት አጠገብ ተቀመጥሁ። እዚያ የምቀመጠው ለዕይታው ብዬ ብቻ አይደለም። «ወራጅ አለ» ለማለት ድምፄ ስለማይወጣ ሁለት ሰፈር አልፌ የምወርድ ሰው ነኝ፤ ሹፌሩ ጆሮ ሥር መሆን ይበጀኛል።

እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ ነገ እንጅባራ ላይ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የሚከራከረው። የወጣት መምህራን ክርክር ነው። ርዕሱ «አምባገነን መንግሥትን ይበልጥ የሚለውጠው የንግድ ማዕቀብ ነው ወይስ ክፍት ንግድ?» የሚል ነው። በዕጣ ለማዕቀብ እንድከራከር ደረሰኝ። ወረቀቴ ላይ ደቡብ አፍሪካን ከላይ፣ ኩባን ከታች ጽፌያለሁ፤ አንዷ ትደግፈኛለች፣ ሌላዋ ታሳጣኛለች። የማምነውን ግን አልጻፍሁም፤ ገና አላወቅሁትማ።

መርአዊን እንዳለፍን ሹፌሩ በመስታወት አየኝ።

«ፈተና አለብሽ እንዴ እህቴ? ከተነሣን ጀምሮ ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል።»

ነገሩን በአጭሩ ነገርሁት።

«ማዕቀብ መንገድ መዝጋት አይደል? መንገድ ሲዘጋ ሜዳ ላይ የሚያድረው እኔ ነኝ። ያስዘጋው ሰውዬ አልጋው ላይ ይተኛል።»

ከኋላ ሽንኩርት በጆንያ የያዙ ሴትዮ ጣልቃ ገቡ። «ክፍት ሲሆንስ? ቀረጡን የሚበላው ያው ሰውዬ አይደል?»

«እንግዲያ ምን ይሁን ነው የሚሉት እናቴ?»

«እኔ ምን አውቄ? ሽንኩርቴን አትርገጡብኝ ነው የምለው።»

ሚኒባሱ ሳቀ። ሁለት ቀን የጻፍሁት ወረቀት በሦስት አረፍተ ነገር አለቀ።

አርብ፣ ረፋድ፤ ዳንግላ

ፀሐይ ሞቅ ስትል ዳንግላ ገባን። መንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሯል፤ የባሕር ዛፍ አጠና በጋሪ ይጓዛል፤ ባጃጆች በፈረሶቹ መሀል ይሹለከለካሉ። ሻይ በፓስቲ ቀመስሁ፤ ሠላሳ ብር። ጾም ስለገባ ሻይ ቤቱ ያለው ፓስቲና ድንች ቅቅል ብቻ ነው፤ ድንቹን ከነዳጣው በሳህን ሲያቀርቡት ግን ሌላ አያሰኝም።

ዛሬ የማድረው አጎቴ ቤት ነው። ከዳንግላ ወደ አዲስ ቅዳም በሚወስደው አስፋልት ጥቂት ተጉዤ፣ ከዚያ በጋሪ ወደ ውስጥ ገባሁ። የተወቀጠ የሚመስል ቀይ መንገድ፣ ግራና ቀኙ የታጨደ ጤፍ፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ አረንጓዴ የድንች መደብ። መደቡ በበጋም አረንጓዴ የሆነው ከወንዙ ተጠልፎ በሚመጣው ቦይ ነው። የቦዩ መነሻ ላይ ቁልፍ ያለው የብረት መዝጊያ አለ። ቁልፉ ያለው አጎቴ አንገት ላይ ነው።

አጎቴ ጋሼ ፈንታ የውሃ አባት ናቸው። የውሃ አባት ማለት የመስኖውን ውሃ በተራ እንዲያካፍል ሰፈርተኛው የሚመርጠው ሰው ነው። ሲመረጡ ለአንድ በጋ ነበር። እኔ ፊደል ስቆጥር የያዙትን ቁልፍ ዲግሪ ይዤ ስመጣም ከማተባቸው ጋር ታስሮ አገኘሁት። «ሌላ ሰው ውሃውን ያባክነዋል» ይላሉ። ለሚያጎነብስላቸው ውሃው ቶሎ ይደርሳል፤ ለሚከራከራቸው ይዘገያል። ጎረቤታቸው ቸኮል፣ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ገበሬ፣ «ምርጫ ይደረግ» ብሎ ስብሰባ በጠራበት ዓመት ድንቹ ማሳው ላይ ደርቋል።

አርብ፣ ከሰዓት በኋላ፤ አጎቴ ቤት

ስደርስ ጋሼ ፈንታ ቦዩ ላይ ናቸው። ሚስታቸው እትዬ ጥሩዬ ከጓሮው አጥር ጥግ ቆመው ከቸኮል ሚስት ጋር በአዊኛ ያወራሉ። እናቴ አገሩን ለቃ በአማርኛ ስላሳደገችኝ የምሰማው ግማሹን ብቻ ነው። አጥሩ ላይ የሰው ክንድ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለ። ጠርዙ በእጅ ብዛት ለስልሷል።

«ይኼ ቀዳዳ ምንድን ነው?» አልኋቸው፣ ስመውኝ ሲያበቁ።

«የእኛ ጉምሩክ ነው» ብለው ሳቁ።

ድንች እየላጡ ነገሩን አጫወቱኝ። የቸኮል ድንች በደረቀበት ዓመት ሰፈሩ ተማክሮ በአጎቴ ላይ ዘጋ። ወንፈል የሚገባላቸው ጠፋ፤ እሳት የሚያበድራቸው፣ በሬ የሚያቀናጃቸው አልተገኘም።

«ታዲያ ተቸገሩ?»

«እሱ? ኧረ ዲያ። የተቸገርሁት እኔ ነኝ። እሱማ ከዳንግላ የቀን ሠራተኛ አመጣ፤ ጨውና ላምባ በካርቶን አስጫነ። ኋላ የዘጉበት ሰዎች ጨው ሲያልቅባቸው በልጆቻቸው እየላኩ ከእሱ ይገዙ ጀመር። በመዝጋታቸው ባለ ሱቅ አደረጉት።»

«ቀዳዳውስ?»

«ወንዶቹ ዘጉ፤ እኛ ሴቶቹ ሳንዘጋ ቀረን። እሳትና እርሾ በዚህ ያልፋል።»

ቀጥሎ «እንክፈትለት፤ ሰው በመቀራረብ ይለሰልሳል» የሚሉት አሸነፉ። ወንፈሉ ተመለሰ፤ የድንች ዘር ተለዋወጡ፤ ሱቁም ደራ። ጋሼ ፈንታ በእርግጥ ለሰለሱ፤ ሰላምታቸው ረዘመ፤ ለሰርግ ፍየል እስከ መስጠት ደረሱ። ቁልፉ ግን ካንገታቸው አልወረደም።

«አሁንስ?»

እትዬ ጥሩዬ ወደ በሩ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከመስከረም ጀምሮ ሰፈሩ ሌላ ነገር ይዟል። ሥራው፣ ብድሩ፣ ሰላምታው እንዳለ ነው፤ ለአጎቴ ወንበር ይለቀቃል፤ ጠላው መጀመሪያ ለእሳቸው ይቀዳል። መመረቅ ሲመጣ ግን ይዘሏቸዋል። ባለፈው ሳምንት ጤፍ ሊያጭድላቸው የመጣው ደቦ እዚሁ ቤት በልቶ ጠጥቶ፣ በዕድሜ ታላቁ እሳቸው ተቀምጠው፣ ሰዉ ሁሉ ወደ ቸኮል ዞሮ «መርቅ» አለው።

«ቸኮል መረቀ?»

«ላብ አጠመቀው። ‹ጤና ይስጠን፣ አሜን› ብሎ ተቀመጠ። አጎትሽ ‹ይኼ ምርቃት ነው ወይስ የስልክ መልእክት?› አለ፤ ማታ ግን እራት አልበላም።»

«ይህን ማን አመጣው?»

ድንቹን ወደ ውሃው ጣል አደረጉ። «እኔ ነኝ» አሉ፤ «በቀዳዳው።»

ስንስቅ ጋሼ ፈንታ ገቡ። ጉንጬን፣ ግንባሬን ሳሙኝ፤ ቁልፉ ደረቴን ወጋኝ። በእራት ላይ የክርክሩን ርዕስ ጠየቁኝ፤ ደንግጬ ነገርኋቸው። የጎረሱትን ቀስ ብለው አኝከው ዋጡ።

«እኔም እመጣለሁ» አሉ በመጨረሻ።

«ጋሼ፣ መንገዱ ያደክምዎታል፤ ደግሞም አሰልቺ ነው።»

«የእህቴ ልጅ ስትናገር አልሰማም? ለመዝጊያው የሚሆን ቅባትም እገዛለሁ።»

ለምሳሌነት ልጠቅሰው ያሰብሁት ታሪክ ነገ ከፊቴ ሊቀመጥ ነው። ወረቀቴን አውጥቼ ከእራት በፊት ስለ ሰፈሩ የጨመርሁትን አንቀጽ ሰረዝሁት።

ቅዳሜ፣ ጠዋት፤ እንጅባራ

አዲስ ቅዳም ላይ ገበያተኛው አስፋልቱን ሞልቶት ሚኒባሱ በእግረኛ ፍጥነት አለፈ። ጋሼ ፈንታ ነጭ ጋቢ ለብሰው በመስኮት የየማሳውን ቦይ ይተቻሉ፤ «ይኼ ዘቅዝቋል፤ ይኼ ያፈስሳል።» እንጅባራ ስንገባ ብርዱ ጣት ይቆርጣል። በየመንገዱ ዳር የቀርከሃ ወንበር ተደርድሯል፤ አጎቴ አንዱ ላይ ተቀምጠው ፈተሹና ሳይገዙ ተነሡ። ከክርክሩ በኋላ የጥርባን ሐይቅ አሳያቸዋለሁ ብዬ አስቤ ነበር። «ውሃ ለማየት ነው ብር የምታወጪው?» አሉኝ።

አዳራሹ ውስጥ የፊተኛውን ረድፍ መረጡ። ስሜ ሲጠራ ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ። የመጀመሪያዎቹን ቃላት የሰማው ማይክራፎኑ ብቻ ይመስለኛል። ጋሼ ፈንታ ዱላቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ፤ ቦዩ ማዶ ያለን ሰው ሲጠሩ የሚያደርጉት ነው። ድምፄ ወጣ። በደቡብ አፍሪካ ከውጭ የመጣው ማዕቀብ የውስጡን ትግል እንዳገዘው ተናገርሁ፤ የውስጡ ባይኖር የውጩ ብቻውን ምን ይፈይድ ነበር የሚለውንም አልደበቅሁም። ተከራካሪዬ፣ እዚያው የሚያስተምር አንደበተ ርቱዕ ልጅ፣ የኩባን ረጅም ማዕቀብ አነሣብኝ፤ ንግድ ሲከፈት ሰው የገዢውን እጅ ብቻ ማየቱን ይተዋል አለ። ንግድ ከፍተው የከበሩ፣ አገዛዛቸው ግን ያልላላ አገሮችን ጠቀስሁለት። እንዲህ ስንቀባበል የጥያቄ ሰዓት ደረሰ፤ ከፊተኛው ረድፍ ዱላ ተነሣ።

«ስሜን አልናገርም» አሉ አጎቴ። «ሥራዬ ውሃ ማካፈል ነው። ሁለቱንም ቀምሻቸዋለሁ። ሰፈሩ ሲዘጋብኝ ቤተሰቤን ‹አያችሁ፣ ይጠሉናል› አልኋቸው፤ ከእኔ ጋር ቆሙ። ሲከፍቱልኝ ‹አያችሁ፣ ወደዱኝ› አልሁ። ቁልፉ ግን ያኔም እዚህ ነው፣ አሁንም እዚህ ነው።» ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው አሳዩ።

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ተከራካሪዬ ተነሣ። «ታዲያ አባቴ፣ ምን ቢያደርጉዎት ነው የሚሰጡት?»

«እሱን ከነገርሁህማ ነገ ያደርጉብኛል።»

ጭብጨባው አልቆም አለ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም፤ እየተደረገባቸው መሆኑን አውቃለሁና።

ዳኞቹ ለክፍት ንግድ ፈረዱ። ሰብሳቢው ማመስገን ሲጨርስ ወደ አጎቴ ዞረ። «ያለ ታላቅ ምርቃት አንለያይም። አባታችን፣ ይመርቁን።»

ሰዉ ብድግ አለ። ጋሼ ፈንታ ተነሡ፤ መዳፋቸውን ዘረጉ። ከዚያ እጃቸውን ቀስ ብለው መለሱት።

«ይቅርታ ልጆቼ። በሰፈሬ የተነፈግሁትን እዚህ ብሰጥ ስርቆት ይሆንብኛል። ሌላ ሰው ይመርቅ።»

በሩ ላይ ተከራካሪዬ ደረሰብኝ። «ነገራቸው ደስ ይላል፤ ግን አገር መንደር አይደለም። ጦር ያለው ሰው ምርቃት ቢቀርበት ምን ይሆናል?»

«ጦር ያለው ሰውም ሲገባ እንዲነሡለት ይፈልጋል» አልሁት፤ ለወትሮው እንዲህ ያለው መልስ የሚመጣልኝ ቤት ከገባሁ በኋላ ነበር።

«ካልተነሡለት ያስራል።»

ቃሉን ወረቀቴ ላይ፣ ከኩባ ሥር ጻፍሁት።

ቅዳሜ፣ አመሻሽ፤ ቦዩ ላይ

ጥርባን ሳላይ ቀረሁ። ቅባቱም አልተገዛም። ጋሼ ፈንታ በሚኒባሱ ውስጥ አንድም ቦይ አልተቹም። በሐሳብ ጭልጥ ብለው መውረጃችንን ልናልፍ ስንል «ወራጅ አለ» አልሁ፤ ሹፌሩ ፍሬኑን በድንጋጤ ያዘ። ለካ ይህን ያህል ድምፅ አለኝ።

በእግር ወደ ውስጥ ስንገባ ቸኮልና ከገበያ የተመለሱ ጎረቤቶች ቦዩ ላይ ተራቸውን ይጠብቃሉ። እትዬ ጥሩዬም እዚያው ልብስ ያጥባሉ። አጎቴ ቸኮል ፊት ሲደርሱ ቆሙ፤ አንገታቸውንም ዝቅ አደረጉ።

«ና፣ ፍታልኝ።»

«ምኑን አያ ፈንታ?»

«ቁልፉን ነዋ። ማተቤን እንዳትነካ ታዲያ።»

ቸኮል በጣቱ ታገለ። ቋጠሮው በላብና በዘመን ድንጋይ ሆኗል። ቢላዋ የያዘ ሰው ጠፋ። በመጨረሻ «ይቅርታ አያ» ብሎ አጎንብሶ በጥርሱ ያዘው። የአጎቴ አገጭ የቸኮል ራስ ላይ ዐርፎ፣ ሁለቱም ዐይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። የሳቀ የለም፤ ትከሻው የማይንቀጠቀጥ ግን አላየሁም።

ቁልፉ ወደቀ። ቸኮል አነሣው፤ መዝጊያውን ከፈተ፤ እጀታውንም እስከ መጨረሻው አዞረው። ጋሼ ፈንታ ሊያርሙት አፋቸውን ከፈቱና በእጃቸው ከደኑት።

«ተራው የማን እንደሆነ እሑድ ተሰብስበን እንወስናለን፤ የሚቀጥለውን የውሃ አባትም እንመርጣለን» አለ ቸኮል። ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀ። «አያ ፈንታ፣ በሉ ይመርቁን።»

መዳፎች ተዘረጉ። ከመስከረም ጀምሮ የታመቀው ምርቃት ወጣ። ለዝናቡ፣ ለበሬው፣ ለድንቹ፣ ለእርጉዟ፣ ለመንገደኛው፣ በአዳራሽ ለሚከራከሩት ሳይቀር ደረሰ። «አሜን» እያልን ሳለ ውሃው ቦዩን ሞልቶ መንገዱ ላይ መፍሰስ ጀመረ፤ ጫማችን ውስጥ ገባ። ቸኮል መዝጊያውን በዐይኑ ያያል፤ የዘረጋውን እጁን ግን አላወረደም። ምርቃት የሚያቋርጥ ማን አለ?

«በአጥር ቀዳዳ እሳት ያቀበሉትን ይባርክ» አሉ ጋሼ ፈንታ።

«አሜን።»

ዐይናቸውን ሳይገልጡ ፊታቸውን ወደ ሚስታቸው አዞሩ። «በዚያው ቀዳዳ ምክር ያቀበሉትንም።»

ከሁላችን ቀድመው፣ ጮክ ብለው፣ «አሜን» ያሉት እትዬ ጥሩዬ ናቸው። ይህን እንድጽፍ የፈቀዱልኝም እሳቸው ናቸው።

እሑድ ጠዋት ለስብሰባው አልቆየሁም፤ ሥራ ነበረብኝ። ባሕር ዳር ገብቻለሁ። ጫማዬ በረንዳው ላይ ተሰጥቷል፤ እስካሁን አልደረቀም።