በፖቶማክ ዳር የተበላው ዳቦ

የበደለችኝ እታፈራሁ ናት። የበደለችኝም የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ ፍልሰታ በተፈታ ዕለት፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው የኪዳነ ምሕረት ማኅበራችን ፊት ነው። ስሟን የጻፍኩት ሳላስብበት አይደለም። የአባቷን ስም የተውኩት ለልጆቿ ስል ነው።

አገር ቤት ያላችሁ ነገሩ እንዲገባችሁ ከመነሻው ልጀምር። ከአዲስ አበባ የወጣን ቀን ቀበና ያለው ቤታችን ሸኚ ሞልቶት ነበር። እኔ በዲቪ፣ እታፈራሁ በልጇ በኩል፣ ሁለታችንም በአንድ አውሮፕላን ልንሄድ ነው። አብረን እንድንሄድ የተደረገው እሷ እንግሊዝኛ ትችላለች ተብሎ ነው። እናቴ እጇን ይዛ፣ «አደራሽን፣ ልጄ ሰው ቋንቋ እንዳይጠፋባት» አለቻት። እታፈራሁም ራሷን ነቀነቀች፣ ልክ ኤምባሲ ውስጥ ተወልዳ እንዳደገች።

ጊዜው የገና ጾም ነበር። አስተናጋጇ ምግብ ይዛ ስትመጣ እታፈራሁ ቀና ብላ፣ «ሚልክ?» አለቻት። አስተናጋጇ ራሷን ወዘወዘች። «በተር?» ወዘወዘች። «ኤግ?» አሁንም ወዘወዘች። እታፈራሁ ወደ እኔ ዞራ፣ «የጾም ነው፣ ብዪ» አለችኝ። በላሁ። ግራጫ ነገር ነበር፣ ከላዩ ቅጠል ተደርጎበታል። ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን ቀን ግን እንደ ሊቅ ነው ያየኋት። የምታውቀው እንግሊዝኛ እነዚያን ሦስት ቃላት መሆኑን የተረዳሁት አሜሪካ ከገባን በኋላ ነው። በእነሱም ይኸው ሃያ ዓመት ኖራባቸዋለች።

የገባነው ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ቤዝመንት፣ ከምድር በታች ያለ ክፍል ውስጥ ነው፣ ለሰባት። አከራያችንን መስኮቱ የት ነው ብንለው፣ «በር አለላችሁ» አለን። ክረምቱ የእኛን ክረምት እንዳይመስላችሁ፤ የእኛ ዝናብ ነው፣ ዘንቦ ያባራል። የእነሱ አጥንት ውስጥ ገብቶ እስከ ሚያዝያ አይወጣም። እንጀራው ደግሞ በላስቲክ ታሽጎ ነዳጅ ማደያ ይሸጣል። ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት በጋዝ የተጋገረ መስሏት ጸሎት አስያዘችልኝ።

ሥራ ያገኘሁት ሄርንደን፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ለአውሮፕላን ምግብ የሚያዘጋጅ ወጥ ቤት ነው። ያንን ግራጫ ነገር የሚሠሩት ሰዎች ጋ ገባሁ ማለት ነው። አራት ዓመት ሠራሁ። ሥራዬ ድስት ላይ ስለነበር ወጡ ከመታሸጉ በፊት ጨውን መቅመስ ግዴታ ነበር። በጾም ቀን በፕላስቲክ ማንኪያ ምላሴ ላይ አደርግና ወረቀት ኩባያ ውስጥ እተፋዋለሁ፣ አፌንም እጉመጠመጣለሁ። አንድ ቀን እንኳ አልዋጥኩም። ይህን የምጽፈው እግዚአብሔር እየሰማኝ ነው።

እታፈራሁም እዚያው ሦስት ሳምንት ሠርታ ነበር፣ ትሪ የሚደረደርበት ቦታ። እግሬን አመመኝ ብላ ተወችው። በወጣች በሳምንቱ፣ ማኅበር ላይ፣ እኔ ለጠላ ማቅረቢያ ኩባያ ሳጥብ፣ «ዘነበች እኮ በፍልሰታ ሥጋ ወጥ ስትውጥ በዓይኔ አይቻለሁ» ብላ ተናገረች። ውኃው እየፈሰሰ ስለነበር የማልሰማ መስሏታል።

ማንም ውጪ አላለኝም። በማኅበር እንዲህ አይባልም። በየወሩ በአሥራ ስድስት አንዱ ቤት ይበላል፣ ይጠጣል፣ ሲያበቃ የሚቀጥለው ባለተራ ጽዋውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ጽዋው እኔ ጋ ሲደርስ እያለፈኝ ከጎኔ ላለችው ይሰጥ ጀመር። በሚቀጥለው ይሆናል እያልኩ ዓመት ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀረሁ። የቀረሁት ግን ከሰዎቹ ነው፤ የጽዋውን ማስቀመጫ ከመደርደሪያዬ ላይ አላነሳሁትም።

ባለፈው ነሐሴ የማኅበራችን ሰብሳቢ ጋሽ ወርቁ ኮል አደረጉልኝ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ስልክ ሲይዙ ተነሥተው ነው የሚያወሩት። ማኅበሩ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ወደሚገኝ የጥንት መንደር ለጉብኝት ሊሄድ ነው፣ ከባሕር ማዶ መጀመሪያ የመጡት ሰዎች ወደ ሰፈሩበት፤ ባሱ ግን አሥራ ሁለት ሰው ካልሞላ አይንቀሳቀስም፣ እኛ አሥራ አንድ ነን አሉኝ።

«ታዲያ እኔ ማኅበርተኛ ነኝ፣ ጋሽ ወርቁ?» አልኳቸው።

«ለባሱ ነሽ» አሉኝ።

ሄድኩ። ረቡዕ ነበር፤ የጡረተኛ ባስ በርካሽ የሚገኘው በሥራ ቀን ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ስምንት ሆነን ተነሣን፣ አራቱን ደግሞ አሌክሳንድሪያ ከአንድ ፓርኪንግ አነሣናቸው። የምግቡ ኃላፊ እታፈራሁ ነበረች። ሽሮውም፣ ስልሱም፣ ዳቦውም አንድ ትልቅ ሳጥን ውስጥ ነው፣ ሳጥኑ ደግሞ የተቀመጠው እሷ የመረጠችው የመስኮት ወንበር ላይ። አሌክሳንድሪያ ላይ ሳጥኑን ከባሱ አውርዳ፣ ወንበሯን ጠርጋ፣ ተቀመጠች። ሳጥኑ እዚያው ፓርኪንግ ቀረ። አይቻለሁ? አላየሁም። ባይ እናገር ነበር ብዬ ግን አልምልም።

ፖቶማክ ወደ ታች እየሰፋ ይሄዳል። መንደሩ ጋ ስንደርስ ወንዝ መሆኑ ቀርቶ ጣናን አክሏል። በሩ ላይ አንድ ሰውዬ ቆሟል፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ የቀረ፣ ነጭ ካልሲ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ረዥም ጠመንጃ። ሰዎቹ እዚያ እንደ ጥንቱ ለብሰው እንደ ጥንቱ ነው የሚናገሩት። ሰውየው ድምፁን ከፍ አድርጎ በየትኛው መርከብ እንደመጣን ጠየቀን። እኔ ገብቶኛል፤ ለዜግነት ፈተናው ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ። ማኅበሩ ግን ወደ እታፈራሁ ዞረ።

እታፈራሁ ጠመንጃውን አየች። «መታወቂያ አውጡ ነው የሚለው» አለች።

አሥራ አንድ ሰው ቦርሳውን ከፈተ። ግሪን ካርድ ያለው ግሪን ካርዱን፣ ፓስፖርት ያለው ፓስፖርቱን አወጣ። ጋሽ ወርቁ ቆባቸውን አውልቀው የእሳቸውን በሁለት እጃቸው አቀረቡ። አንዲት ሴትዮማ የክትባት ወረቀቷን ሳይቀር ዘረጋች። ሰውየው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ፣ ጠመንጃውን አጥሩ ላይ አስደገፈና በዘንድሮ ሰው አፍ፣ «ኖ፣ ኖ፣ ኢትስ ኦኬ» አለ። ፊቱ ቀልቷል። እኔ ቦርሳዬን እንኳ አልከፈትኩም። የመጣሁት ለባሱ ነው።

ቤቶቹ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠሩ ናቸው፣ ጣራቸው ሣር ነው። ማኅበርተኛው ተያየ። ሦስት ሰዓት በባስ የመጣነው የአጎቴን ማድ ቤት ለማየት ነው ወይ ያለም ነበር። ሰውየው ስለ መጀመሪያው ክረምታቸው አወራልን። ምግብ አልቆባቸው፣ ባንድ ቤት ብዙ ሆነው፣ እየተቃቀፉ ማደራቸውን ነገረን። ይህን እኔው ተረጎምኩት፣ ምክንያቱም እታፈራሁ «ብርድ ነበር ይላል» ብላ ጨርሳው ነበር። የክትባት ወረቀት ያወጣችው ሴትዮ አዝና፣ «ቤዝመንት እንኳ አልነበራቸውም?» አለች።

ጋሽ ወርቁ በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉና መሬቱ የማን እንደነበር፣ ለባለቤቶቹስ ኪራይ ይከፍሉ እንደነበር እንድትጠይቅላቸው እታፈራሁን አዘዟት። እታፈራሁ «ሬንት?» አለችው ሰውየውን። ሰውየው ወንዙን አየ፣ ከዚያ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ፣ ድምፁም ዝቅ አለ።

«አልከፈሉም» አለች እታፈራሁ።

በዕለቱ በትክክል የተረጎመችው እሱን ብቻ ነው።

በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀመስም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ጋሽ ወርቁ ሰዓታቸውን አዩና ሳጥኑ ይምጣ አሉ። እታፈራሁ ወደ ባሱ ሄደች፣ ከባሱ ተመለሰች፣ ደግማ ሄደች። ያኔ ነው የታወቀው። አካባቢው ጫካና ወንዝ ነው፣ ሱቅ የለም። አሥራ ሁለት ሽማግሌና አሮጊት፣ ገሚሱ ስኳር ያለበት፣ የሰው ዓይን እያየ ቆመ።

ሽታው የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ከመጨረሻው ቤት፣ ነጭ ቆብ ያሰረች ወፍራም ሴትዮ ምድጃ ላይ የበቆሎ ዳቦ ጋግራ እያወጣች ነበር። ለጎብኚ ታስቀምሳለች። እታፈራሁ ስሟን የምታስመልስበት ቀን እንደመጣላት ገባት፤ ነጠላዋን አስተካክላ ቀደመችን።

«ሚልክ?» አለቻት።

ሴትዮዋ ራሷን ወዘወዘች። ያኔ ላም እንኳ አልነበራቸውም ብላ አስረዳች።

«በተር?»

«ኖ።»

«ኤግ?»

«ኖ።»

እታፈራሁ ወደ ማኅበሩ ዞረች። «የጾም ነው» አለች።

ሴትዮዋ ቆራርሳ አደለችን። ጋሽ ወርቁ ቆባቸውን አውልቀው አባታችን ሆይ ጀመሩ። እኔ ቁራሼን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ያን ሽታ አውቀዋለሁ። ሄርንደን አራት ዓመት በየጠዋቱ ተቀብሎኛል፤ ብስኩት የሚሉትን ዳቦ ሲለውሱ የሚያገቡት የአሳማ ስብ ነው። ዞር ብል ምድጃው ሥር በሸክላ ማሰሮ ነጭ ሆኖ ረግቶ ተቀምጧል።

እውነቱን ልናገር። ጸሎቱ ተጋምሶ እኔ ገና እያሰላሁ ነበር። ብናገር ጾም የገደፈች ሴት ዛሬ ደግሞ ልታስርበን መጣች ይሉኛል። ዝም ካልኩ ደግሞ ማኅበሩ በሙሉ፣ ከነሰብሳቢው፣ በፍልሰታ አሳማ ይበላል፤ ከዚያ ወዲያ በጽዋው ማን ማንን ያልፋል? ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኩት ነገር እጄ ላይ መጣ። ከዚያ የጋሽ ወርቁን እጅ አየሁት። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም፣ ዳቦውን ግን አሜን እስኪባል ከአፋቸው አርቀው ይዘውታል።

«ጋሽ ወርቁ፣ እንዳይበሉ» አልኩ። «የአሳማ ስብ አለበት።»

እታፈራሁ አሜንን አልጠበቀችም ነበር። አፏ ሞልቶ፣ «ጠይቄያለሁ እኮ» አለች።

«ስለ አሳማ አልጠየቅሽም።»

«ዳቦ ውስጥ አሳማ ምን ይሠራል?» አለች። ይህ ጥያቄዋ እንኳ ትክክል ነበር። «አንቺስ በምን አወቅሽ?»

«ከሠራሁበት ወጥ ቤት ነው» አልኩ። «ቀምሼ ስተፋ።»

ሴትዮዋን በእንግሊዝኛ ጠየቅኳት። ደስ ብሏት ማሰሮውን አንሥታ አሳየችን፣ ከዚያም በጣቷ ከቤቱ ኋላ ወዳለው በረት ጠቆመች። አንድ ዥንጉርጉር አሳማ ቀና ብሎ ማኅበሩን አየ። የተባረከ ዳቦ መሬት አይጣል፣ አይበላ ነገር፤ ሁሉም ተሰልፎ ቁራሹን ምጣዷ ላይ መለሰ። ሴትዮዋ ያልጣፈጣቸው መስሏት ዓይኗ እንባ አቀረረ።

እታፈራሁ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወደ አጥሩ ሮጠች። የተከተልኳት እኔ ነኝ። ጎንበስ አለች፣ ትፍ ትፍ አለች። የወጣው ምራቅ ብቻ ነው። አንዱን ቁራሽ ስትውጥ ጉሮሮዋን አይቻለሁ፤ ሁለተኛውንም «ጠይቄያለሁ እኮ» ብላኝ ነው ያወረደችው። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠምን።

«ተፍቼዋለሁ» አለች።

ማኅበሩ ወንዙ ዳር ተሰብስቦ ጠበቀን። ውጣ ከሆነ ነገሩ ንስሐ ነው፣ ይህን ሁሉም ያውቃል። ጋሽ ወርቁ ከዘራቸውን ተክለው እኔን ጠየቁኝ።

«አጠገቧ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ተፍታለች ወይስ ውጣለች?»

ወንዙ ዝም ብሎ ይሄዳል። እታፈራሁ የነጠላዋን ጥለት እየፈተለች ነበር። በሃያ ዓመት ስታረጅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

«ልክ እኔ ሄርንደን እንደተፋሁት ነው የተፋችው» አልኩ።

ጋሽ ወርቁ ቀስ ብለው ወደ እሷ ዞሩ። «ዘነበች ያኔ ተፍታ ነበር እንዴ?»

እታፈራሁ መጀመሪያ መሬት፣ ቀጥሎ ወንዙን፣ ቀጥሎ አሳማውን አየች። የምታይበት ሌላ ቦታ አልነበረም።

«ተፍታ ነበር» አለች።

ከነረሃባችን ተመለስን። አሌክሳንድሪያ ስንደርስ ሳጥኑ እዚያው ፓርኪንጉ ላይ እንደተቀመጠ አገኘነው፤ ቆመን በላን። እታፈራሁ አልበላችም። ሆዷ እንደሞላ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

መስከረም አሥራ ስድስት ጽዋው ለእኔ ተሰጠ። ጥቅምት ላይ ማኅበሩ ቤቴ መጣ። እታፈራሁም መጣች። በሩ አጠገብ አስቀመጥኳት፣ ነፋስ በሚገባበት በኩል። ጠላዋን ግን ሞልቼ ነው የቀዳሁላት።

አልተፋችም። ሁለቱንም ቁራሽ ውጣዋለች።

በማኅበር ፊት መዋሸቴን ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ። አርባ ስግደት ሰጡኝ። ሰገድኩ። ጉልበቴን ጋደም ብዬ አሳረፍኩ፣ ከዚያ ተነሥቼ ይህን ጻፍኩ።