የሦስት ቀን መንገድ

ትኬት ቆራጯ እንዲህ ያለ ደንበኛ ገጥሟት አያውቅም። ሰው ሁሉ አጭሩን በረራ ሲጠይቅ እሱ ረጅሙን ፈለገ። ስልሳን የተሻገረ ሰው ነው፤ ኮቱ ተተኩሷል፣ ጫማው መስታወት ይመስላል፣ ጣቶቹ ግን የኮቱን ቁልፍ ሲፈቱና ሲቆልፉ እረፍት የላቸውም።

«ጋሼ፣ ቀጥታው አለልዎት እኮ! አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ነው ቢባልም ስድስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው የሚፈጀው» አለችው።

«ቀስ ብለሽ ተናገሪ ልጄ» አለ፣ ሰው የሰማበት ይመስል ዞር ዞር ብሎ እያየ። «እናቴን ሦስት ቀን ይፈጃል እያልኳት ነው የኖርኩት። ናፈቅከኝ ባለች ቁጥር መንገዱ ይገድላል እላታለሁ። እሷም ‹ተወው የኔ ልጅ፣ እንዳትደክምብኝ› ትለኛለች። ሃያ ዓመት እንዲሁ አለፈ።»

«አሁንስ?»

«አሁን አልጋ ላይ ናት።»

ቆራጯ «ረጅሙ ሞልቷል» ብላ ዋሽታ ቀጥታውን ቆረጠችለት። መነጽሩን አደረገና የመነሻና የመድረሻ ሰዓቱን በጣቱ እየተከተለ አነበበ።

«የሚፈጀው ሰዓት ባይጻፍበትስ?»

«እናትዎ ያነባሉ እንዴ?»

«እሷስ ፊደል አልቆጠረችም» አለ። «የማነበው እኔ ነኝ።»