የስልክ አማካሪዬ

በደርግ ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ናዝሬት ወላጆቼ ቤት ስመለስ፣ የመመረቂያ ጥናቴን በስልክ እየተመራሁ እንድሠራ ተነገረኝ። ጥናቱ እኔንም ጨምሮ የአካባቢያችንን ሰው ጥርስ ስለሚያበልዘው የጉድጓድ ውሃ ነበር። ላቦራቶሪ የለኝ፣ የሚያሳየኝ ሰው የለኝ። ሥራዬ ውሃ በጠርሙስ እየቀዱ አልጋዬ ሥር መደርደር ብቻ ሆነ።

በየሳምንቱ ቴሌ ሄጄ ወረፋ እይዛለሁ። ስሜ ሲጠራ ጠባቧ የስልክ ክፍል ገብቼ እጮኻለሁ፤ መስመሩ ካልጮኹበት አያሰማም። ዩኒቨርሲቲው ከተዘጋ በኋላ የተመደቡልኝ፣ አዲስ አበባ ያሉት አማካሪዬ ሁልጊዜ የሚሉኝ "ውሃው እንዴት ሆነ?" ነው።

አንድ ቀን አላስቻለኝም።

"ዶክተር፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ። እህል በአፌ አይገባም። ጠዋት ለምን እንደምነሳ እንኳ አላውቅም" ብዬ ጮኽኩ።

ከመስተዋቱ ውጭ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

አማካሪዬም፣ "እሱን በአካል ስንገናኝ እናወራዋለን" አሉኝ። "አሁን ስለ ውሃው ንገሪኝ።"

እያለቀስኩ ስለ ውሃው ነገርኳቸው።

ያቺ "ስንገናኝ" ያሏት ነገር ዛሬም ታንገበግበኛለች። እኚህን ሰው ያን ጊዜ በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ይኸው እስከ ዛሬም አላየኋቸውም።