እንባ እያፈሰሰ የደረቀው ዓይኔ

መጀመሪያ አሸዋ የገባብኝ መስሎኝ ነበር። በደርግ ዘመን ባሕር ዳር ውስጥ፣ በአንድ ፋብሪካ፣ ጨርቅ መርማሪ ነበርሁ። ሥራዬ በመብራት ጠረጴዛ ላይ የሚያልፈውን አቡጀዲ እያየሁ የተበጠሰ ክር መያዝ ነው። ከጨፈንሁ እንከን ያመልጠኛል ብዬ ዓይኔን አላርገበግብም። ጓደኞቼ «አዞው» ሲሉኝ ደረቴን እነፋለሁ፤ ሌላ የምነፋው ነገር አልነበረኝማ።

አሸዋው አልወጣ አለ። አሸሁት። ታጠብሁ። ቀኙ ሲተወኝ ግራው ይጀምራል። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ ወደ ጣና ዳር እወጣለሁ፣ ነፋሱ ሲለበልበኝ እመለሳለሁ። ባለቤቴ እመቤት «ሰውዬ፣ ቁንጫ ገባብህ?» አለችኝ።

ከዚያ እንባ መጣ። ውሃ በዝቶብኛል አልሁና ላደርቀው ወሰንሁ! የክፍላችንን ቬንቲሌተር ወደ ፊቴ አዞርሁ። እንዲህ ያለ ሐኪም ነበርሁ።

ጨርቁ ደበዘዘብኝ። እንከን አለፈኝ። ደግሞ አለፈኝ።

አለቃችን አቶ ሙሉጌታ «አንድ ጊዜ ከደገምህ ጥጥ መጋዘን ትገባለህ» አለኝ። ያ ሁሉ ብናኝ! ፈራሁ። ከዓይኔ ሌላ ሙያ የለኝም።

ሆስፒታል ሄድሁ። ሐኪሟ ፍሎረሰይን የሚባል ቢጫ ቀለም ጠብ አድርጋ፣ በሰማያዊ መብራት እያየች «ሳይጨፍኑ ይቆዩ» አለችኝ። በዚህማ ማን ይችለኛል!

«ደርቋል» አለች።

«ዶክተር፣ ሸሚዜን እኮ አርሶታል!»

«እሱ ዓይንዎ ሲቆጣ የሚያፈሰው ነው፤ ወርዶ ያልቃል። ዓይንዎን የሚሸፍነው ስስ እንባ ግን ወዲያው ይቆራረጣል። ኮርኒያዎም፣ ከብሌንዎ ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ተጭሯል። ሥራ ላይ አይጨፍኑም እንዴ?»

«አልጨፍንም።»

«ታዲያ እንባውን ማን ያዳርሰው?»

ወዲያው ዓይኔን ጨፈን ገለጥ አደረግሁ።

ሰው ሠራሽ እንባ የሚሉትን ጠብታ ሰጠችኝ፤ እመቤትም ማታ ማታ ንጹህ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ እየነከረች በተጨፈነው ዓይኔ ላይ ታኖርልኝ ጀመር። ቬንቲሌተሩን ወደ ግድግዳ አዞርሁት፤ አንድ ጥቅል ጨርቅ ባለቀ ቁጥርም የላይኛው የዓይኔ ቆብ ከታችኛው እስኪገጥም ድረስ ቀስ ብዬ ደጋግሜ እጨፍን ነበር። አንድ ቀን አቶ ሙሉጌታ ደረሰብኝ።

«ተኛህ?»

«ኧረ የለም፣ እንባ እያመረትሁ ነው።»

ሳቀ። ግን ጥቅሉን ራሱ ደግሞ ሊፈትሸው ወሰደው። አንድም ያለፈኝ አላገኘም፤ ቦታዬም ተረፈችልኝ።

ፈጽሞ አልዳንሁም። በበጋ ደረቅ ነፋስ ሲነሳ ዛሬም ይቆረቁረኛል፤ ግን አሁን አውቀዋለሁ። ያችን ሐኪምና እመቤትን ባለሁበት ሁሉ አመሰግናለሁ። እናንተም ዓይናችሁን አትሹ፤ የጎረቤት ጠብታ አትዋሱ፤ ካመማችሁ ወይም እይታችሁ ከቀነሰ ሐኪም ዘንድ ፈጥናችሁ ሂዱ። ደግሞ ይህን ስታነቡ ዓይናችሁን እንደኔ እንዳታፈጡ። እስቲ አንዴ ጨፈን አድርጉት። በደንብ። እንዲያ ነው።